ካርቶኑ ከተፈታ በኋላ፦ ለትምህርት ቤት ኮምፒውተር አቅራቢና ጠጋኝ ስለ መምረጥ

ክቡራን ርዕሳነ መምህራን፣ የአይሲቲ መምህራንና የወላጅ ኮሚቴ አባላት፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ብዙ ጊዜ አቅራቢ የሚመረጠው የጨረታ ፖስታ የተከፈተ ዕለት ይመስለናል። አብዛኛው ነገር ግን የሚወሰነው ቀደም ብሎ፣ ስፔሲፊኬሽኑ (የዕቃው ዝርዝር መስፈርት) እና የውሉ ረቂቅ ሲጻፍ ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት የቴክኒክ መስፈርቱን ካለፉት ተጫራቾች መካከል ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፈው ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ነው። ሰነዱ ላይ «ጥገናን ይጨምራል» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ፣ በየሦስት ወሩ ቴክኒሻን የሚልከውም ስልክ የማያነሳውም እኩል ያልፋሉ። ከዚያ በኋላ ርካሹን ትቶ ጠንካራውን መያዝ የኦዲት ጥያቄ ያስነሳል። የግል ትምህርት ቤት እጁ ትንሽ ሰፋ ይላል፤ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ መደራደር ይችላል። እዚያም ቢሆን በውል ያልሰፈረ ነገር አይጠየቅም።

ሌላው ጊዜ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ግንቦት ላይ «ገንዘቡ ተመላሽ ሊሆን ነው» የሚል ወሬ ሲመጣ ስፔሲፊኬሽን ከጎረቤት ትምህርት ቤት ይገለበጣል፣ ርክክቡም በአንድ ከሰዓት ይጠናቀቃል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሰነዱን ጥቅምትና ኅዳር ላይ ጽፎ መጋቢት ሳያልፍ መረከብ ይሻላል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል። ማውስ ለመጀመሪያ ጊዜ የጨበጠው ፈተና ሊገባ አንድ ወር ሲቀረው የሆነ ልጅ የሚወድቀው በእውቀቱ ላይሆን ይችላል።

ከብዛቱ እንነሳ። በአንድ ክፍል 60 ተማሪ ካለና ሁለት ሁለት ሆነው ከተቀመጡ 30 ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ለ30 መቀመጫ 32 ግዙ፤ ሁለቱ ዕቃ ቤት ይቀመጡ። ገንዘቡ ለ30 ብቻ ከደረሰም 28 ዘርግቶ ሁለት ማስቀመጥ፣ ሠላሳውንም ዘርግቶ በሁለተኛው ወር ሦስት ባዶ ወንበር ከማየት ይሻላል። በእነዚህ ሁለት መጠባበቂያዎች ምክንያት ጠጋኙ እስኪመጣ ትምህርት አይቋረጥም።

አሁን ወደ ስፔሲፊኬሽኑ። «ኮር አይ5፣ 8 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ» የምትል መስመር በየሰነዱ አለች። ይህች መስመር ከአሥር ዓመት በላይ ያስቆጠረ ዕቃንም ታሳልፋለች። ኮር አይ5 የኢንቴል ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) የቤተሰብ ስም ነው፤ ዕድሜውን የሚናገረው ከስሙ በኋላ ያለው ቁጥር ነው። 4590 ከሆነ አራተኛ ትውልድ ነው፤ ይህ ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2013 ገበያ የገባ ነው። 8500 ከሆነ ስምንተኛ፣ 10500 ከሆነ አሥረኛ፣ 12400 ከሆነ አሥራ ሁለተኛ ትውልድ ነው። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ቆሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያለውንና ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ቺፕ ያለውን ነው። ስለዚህ «ከስምንተኛ ትውልድ የማያንስ፣ ቲፒኤም 2.0 ያለው፣ ዊንዶውስ 11 በሕጋዊ ፈቃድ የተጫነበት» ብላችሁ ጻፉ። በመንግሥት ግዥ የአምራች ስም ጠርቶ «ዴል ይሁን» ወይም «ኤችፒ ይሁን» ማለት ስለማያስኬድ፣ የሚጠብቃችሁ እንዲህ ያለው ቁጥር ነው። «ሕጋዊ ፈቃድ» የሚለውንም አትለፉት፤ ክራክ የተደረገ (ያለ ፈቃድ የተከፈተ) ዊንዶውስ ዛሬ ይሠራል፣ የሚያስከፍላችሁ ቫይረስ የገባ ቀን ነው።

ሃርድ ዲስክ የሚለውን ሰርዛችሁ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ማከማቻ)፣ ቢያንስ 256 ጊጋ በሉ። ፍጥነቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ብዙ የማይነገረው የከፍታ ነገር ነው። በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ውስጥ የንባብ ጭንቅላቱ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው በቀጭን የአየር ንጣፍ ነው። አየሩ ሲሳሳ ንጣፉም ይሳሳል። በዚህ የተነሳ ብዙ አምራቾች ለሥራ የሚፈቅዱት ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ነው። መንዝ ላይ ወይም በሰሜን ተራሮች አካባቢ ያለ ትምህርት ቤት ይህን መስመር ሊያልፍ ይችላል። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ ችግሩም የለበትም።

ላፕቶፕ ወይስ ዴስክቶፕ የሚለው ክርክር ማብቂያ የለውም። የኔ ሚዛን ይህ ነው፦ መብራቱ የሚቆይበት ከተማ ከሆነ ትንሽ ዴስክቶፕ፣ መብራት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ የሚሄድበት ከሆነ ላፕቶፕ። ዴስክቶፕ ኪቦርዱ ቢበላሽ በአንድ ኪቦርድ ይተካል። የላፕቶፕ ማጠፊያ ሲሰበር ግን መለዋወጫው ለዚያው ሞዴል ብቻ የሚሆን ነው፣ ክፍለ ሀገር አይገኝም። በሌላ በኩል 30 ዴስክቶፕ 30 ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባለ ባትሪ ሳጥን) ይፈልጋል። በየዩፒኤሱ ውስጥ ያለው 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ደግሞ በሁለት ወይ በሦስት ዓመት ይሞታል። በሦስተኛው ዓመት 30 ባትሪ ማን ይገዛል? ይህን የሚመልስ ሰነድ እምብዛም አይገኝም። ባትሪ ቅያሬውን በዋጋ ማቅረቢያው ላይ ራሱን የቻለ መስመር አድርጉት፤ ተጫራቾችም በዚያ ጭምር ይወዳደሩ።

አሁን ወደ መብራቱ። ብዙ ጊዜ የምወስደው እዚህ ላይ ነው፤ ከአቅራቢ ጋር ጭቅጭቁ የሚጀመረው ከዚህ ነውና።

አንድ ትንሽ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ ሲሠራ 100 ዋት አካባቢ ይወስዳል። ሠላሳው 3 ኪሎ ዋት፣ በ220 ቮልት ሲካፈል 14 አምፔር ገደማ ይሆናል። ፕሮጀክተር ሲጨመር ከዚያ በላይ ነው። ይህን ሁሉ ከአንድ ሶኬት በተቀጣጠሉ ዲቫይደሮች ማዞር በየትምህርት ቤቱ የሚታይ ነው። ውጤቱም መጀመሪያ ሙቀት፣ ከዚያ የቀለጠ ሶኬት ነው። ሠላሳውን በሦስት መስመር፣ አሥር አሥር አድርጎ መክፈል፣ ለየመስመሩ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦና 16 አምፔር ብሬከር ማድረግ በቂ ነው።

ከዚህ የከፋው የኒውትራል (የኤሌክትሪኩ መመለሻ ሽቦ) መላቀቅ ነው። ሕንፃው ባለሦስት ፌዝ መስመር ካለውና ፖሉ ላይ ወይም ቆጣሪው ሥር ኒውትራሉ ከላላ፣ በሁለት ፌዝ መካከል ያለው 380 ቮልት እንደ ጭነቱ መጠን ይከፋፈላል። አንዱ ክፍል 100 ቮልት ደርሶት አምፖሉ ሲፈዝ፣ ሌላው ክፍል 280 እና ከዚያ በላይ ሊደርሰው ይችላል። በዚያች ደቂቃ አሥርና አሥራ አምስት ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል) ባንድ ላይ ይቃጠላል። አቅራቢው መጥቶ ያያል፣ ያሸታል፣ «የኤሌክትሪክ ጉዳት ዋስትናው አይሸፍንም» ይላል። በውሉ መሠረት ልክ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ በማከፋፈያው ሳጥን ላይ፣ ቮልቴጁ ከመጠን በላይም በታችም ሲሆን መስመሩን የሚቆርጥና መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚቀጥል መከላከያ መግጠም ነው። የአንድ ኮምፒውተር ዋጋ እንኳ አይሆንም።

የኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ ሽቦ) ነገርም አለ። ሦስት እግር ያለውን ሶኬት ሰክተን ሦስተኛው ቀዳዳ ከምንም ካልተያያዘ፣ የኮምፒውተሩን ቆርቆሮ የነካ ልጅ ይነዝረዋል። በመልቲሜትር በኒውትራልና በኧርዝ መካከል ለኩ፤ ከጥቂት ቮልት ካለፈ ወይም የሚዋዥቅ ከሆነ ኤሌክትሪሺያን ሳይመጣ ካርቶን አይፈታ።

እንግዲህ የመብራቱን ዝርጋታ ለአንዱ፣ ኮምፒውተሩን ለሌላው ከሰጣችሁ፣ ሲቃጠል ሁለቱ አንዱ በሌላው ያሳብባሉ፤ መሃል ላይ የምትቀሩት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ በሰነዱ ላይ አቅራቢው የኮምፒውተር ክፍሉን (የላቡን) መስመር ከማከፋፈያ ሳጥን እስከ ሶኬት እንዲዘረጋ ወይም ያለውን ፈትሾ «ተቀብያለሁ» ብሎ እንዲፈርም አድርጉ። ፈርሞ የተቀበለው መስመር ላይ የደረሰውን ጉዳት የሚሸፍንበትን ወሰንም አብራችሁ ጻፉ። ይህን አንቀጽ አይቶ የሚሸሽ ተጫራች ይኖራል። ይሽሽ።

ስለ ኔትወርኩ አጭር ነገር። ለ30 ኮምፒውተር ባለ 24 ፖርት ስዊች (ኮምፒውተሮቹን በገመድ የሚያገናኝ ሳጥን) አይበቃም፤ ሁለት ባለ 24 ወይም አንድ ባለ 48 ግዙ። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አካባቢ አንድ ትንሽ ሰርቨር ላይ ኪዊክስን (ውክፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ማንበቢያ)፣ ኮሊብሪን (ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የመማሪያ መድረክ)፣ ጂኦጀብራ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራምና የፌት የሳይንስ ማሳያዎችን ጭኖ በውስጥ መስመር ማዳረስ ይቻላል። መጫኑን የአቅራቢው ግዴታ አድርጉት። የአማርኛ ኪቦርድና ፊደልም በሁሉም ላይ ተጭኖ ይምጣ።

ወደ ጥገናው ውል እንምጣ። አቅራቢዎች «በ24 ሰዓት ምላሽ እንሰጣለን» ማለት ይወዳሉ። ምላሽ ማለት ስልክ ማንሳትም ሊሆን ይችላል። ውሉ ሁለት የጊዜ ገደብ ይለይ፦ ቴክኒሻኑ ትምህርት ቤቱ የሚደርስበትንና ማሽኑ ተጠግኖ ወይም ተተክቶ ሥራ የሚጀምርበትን። ለከተማ ሁለትና አምስት የሥራ ቀን፣ ራቅ ላለ ወረዳ አምስትና አሥር የሥራ ቀን ሊሆን የሚችል ግዴታ ነው። የቴክኒሻኑ አበልና ትራንስፖርት በማን እንደሆነም ይጻፍ። ደሴ ያለ ትምህርት ቤት ቴክኒሻኑ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ከሆነ፣ አበሉ ያልተነገረበት ውል በተግባር ጥገና የሌለው ውል ነው።

አፈጻጸሙን ለመለካት ቀላል ስሌት አለ። 30 ማሽን በ20 የትምህርት ቀን 600 የማሽን ቀን ይሆናል። 95 በመቶ እንዲሠራ ከተስማማችሁ በወር የሚፈቀደው ብልሽት 30 የማሽን ቀን ነው። አንድ ማሽን ወሩን ሙሉ ከቆመ 20 በላ ማለት ነው። ከ30 ያለፈው ከሩብ ዓመቱ የጥገና ክፍያ ይቀነሳል። ለዚህም የጥገና ክፍያ ከዕቃው ዋጋ ተለይቶ፣ በየሦስት ወሩ መጨረሻ የሚከፈል መሆን አለበት። ሁሉም አንድ ላይ በርክክብ ዕለት ከተከፈለ ከምን ላይ ይቀነሳል? የውል ማስከበሪያ ዋስትናውም እንዲሁ ነው። በተለምዶ ከውሉ ዋጋ 10 በመቶ የሆነው ይህ ዋስትና ዕቃው እንደገባ ከተለቀቀ፣ በጥገናው ዘመን በእጃችሁ የሚቀር መያዣ የለም። የባንክ ዋስትናው የሚያበቃበት ቀን የጥገና ዘመኑን መሸፈኑን ከደብዳቤው ላይ አንብቡ። ለዘገየ ርክክብ በመንግሥት ውሎች የተለመደው በቀን 0.1 በመቶ፣ ጣሪያው 10 በመቶ የሆነ ቅጣት ነው፤ ለዘገየ ጥገናም ተመሳሳይ መስመር ጨምሩ።

ይህ ሁሉ ያለ ማስረጃ አይሠራም። ብልሽት በቴሌግራም ይነገር፤ ግን በመዝገብም ይስፈር። ቀን፣ ሰዓት፣ የማሽኑ ቁጥር፣ ምልክቱ፣ ቴክኒሻኑ የመጣበት ቀን፣ የተቀየረው ዕቃ፣ ፊርማ። በየማሽኑ ላይ ከ1 እስከ 30 ቁጥር ይለጠፍ። «ያ መስኮቱ ጋ ያለው» ተብሎ የተጻፈ ብልሽት ለክርክር አይበቃም።

ከብልሽቶቹ ብዙዎቹ ቴክኒሻን የሚያስጠሩ አይደሉም። ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ይጮኻል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ራሙ አቧራ ይዞ ነው። ኃይሉን አጥፍቶ፣ ገመዱን ነቅሎ፣ ራሙን አውጥቶ የመዳብ ጥርሱን በላጲስ ጠርጎ መመለስ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሌላው ደግሞ ኢንተርኔቱ «አይሠራም» የሚባለው ነው። ጎረቤቱ ማሽን ላይ ይሠራል፣ እዚህ ገጹ አልከፍትም ይላል። ከታች ጥግ ላይ ቀኑን ብታዩ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሷል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የምትባል የ3 ቮልት ክብ ባትሪ ሞታለች። ሰዓቱ ወደ ኋላ ስለተመለሰ ኮምፒውተሩ የድረ ገጹን የደኅንነት ምስክር ወረቀት የሚጸናበት ጊዜ ገና እንዳልጀመረ ቆጥሮ አይቀበለውም። ባትሪዋን ቀይሮ ቀኑን ማስተካከል ነው።

ይሁንና አንዳንድ አቅራቢ ካሱ ላይ «ከተነሳ ዋስትና ይቋረጣል» የሚል ማኅተም ይለጥፋል። ያኔ የአይሲቲ መምህሩ አቧራ እንኳ ማራገፍ አይችልም። ውሉ ላይ «የሠለጠኑ ሁለት መምህራን ለጽዳት፣ ለራምና ለባትሪ ካሱን መክፈት ይችላሉ፤ ዋስትናውን አያስቀርም» ይባል። ሁለት ያልኩት አንዱ ሲዛወር ቁልፉም እውቀቱም አብሮ ስለሚሄድ ነው። ከዕቃው ጋር የሚመጣ መጠባበቂያም ይጠየቅ፦ ለ30 ማሽን ስምንት ማውስ፣ አምስት ኪቦርድ፣ ሁለት ፓወር ሰፕላይ፣ ሁለት ኤስኤስዲ፣ አሥር የኔትወርክ ገመድ፣ ሠላሳ ክብ ባትሪ። ቶሎ የሚያልቀው ማውስ ነው።

አቅራቢውን ራሱን መመርመር የሚቻለው እንዴት ነው? ንግድ ፈቃድ፣ ቲን፣ ቫት፣ የአቅራቢነት ምዝገባ፣ እነዚህ ለሁሉም አሉ፣ ምንም አይለዩም። የሚለየው ጥያቄ «ከሦስት ዓመት በፊት ለየትኛው ትምህርት ቤት ሸጣችሁ?» የሚለው ነው። አምና የሸጠበትን ሁሉም በኩራት ያሳያል፤ አምና የተገዛ ዕቃ ደግሞ ገና አልተበላሸም። የሦስት ዓመቱን ሄዳችሁ እዩ። ርዕሰ መምህሩን አመስግናችሁ የአይሲቲ መምህሩን ለብቻው ጠይቁት፦ ስንት ገዛችሁ፣ ዛሬ ስንቱ ይነሳል፣ መጨረሻ ቴክኒሻን የመጣው መቼ ነው? ከዚያ የአቅራቢውን መጋዘን ጎብኙ። መደርደሪያው ላይ ፓወር ሰፕላይ፣ ማዘርቦርድና ስክሪን ከሌለ፣ ጥገና የሚለው ሌላ ሱቅ ሄዶ መግዛትን ነው። በአካባቢያችሁ ከተማ ያለ ትንሽ የጥገና ሱቅ በንዑስ ተቋራጭነት ቢይዝ ደግሞ አትናቁት። ለቅርቡ ብልሽት የሚደርሰው እሱ ነው። ሆኖም ተጠያቂው ዋናው አቅራቢ ሆኖ ይቆይ።

የውጭ ምንዛሪውን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በአሮጌው ዋጋ ተጫርቶ ዕቃውን ገና ያላስገባ አቅራቢ ምርጫው መክሰር፣ መጥፋት ወይም ዝቅ ያለ ዕቃ ማምጣት ነው። ስለዚህ ዕቃው አገር ውስጥ ያለ መሆኑን በሰነዱ ጠይቁ፣ ናሙና አስቀርቡ፣ ናሙናው ታሽጎ እስከ ርክክብ በእናንተ ዘንድ ይቆይ። የጨረታው ዋጋ ጸንቶ የሚቆይበትን ጊዜም አታስረዝሙ። ኮሚቴው ሦስት ወር ተሰብስቦ ሳይወስን ከቆየ፣ ዋጋውን የገደለው ኮሚቴው ነው።

ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ በወገኖቻችን የሚላክ ያገለገለ ኮምፒውተርም አለ። መልካም ነው፣ ግን ሁለት ወጥመድ አለው። ቆየት ያሉ ዴስክቶፖች ከኋላ፣ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ቀይ ማብሪያ የመሰለች መምረጫ አለቻቸው፤ ከአሜሪካ ሲመጡ 115 ላይ ናቸው። 230 ላይ ሳይደረግ 220 ቮልት ላይ ከተሰካ ወዲያው ይፈነዳል። ሁለተኛው፣ ከድርጅት ወይም ከትምህርት ቤት የወጡ ላፕቶፖችና ክሮምቡኮች የቀድሞ ባለቤታቸው ከድርጅቱ የማሽን መቆጣጠሪያ ሥርዓት ካልሰረዛቸው ኢንተርኔት ባገኙ ጊዜ ይቆለፋሉ። ለላኪዎቹ አስቀድማችሁ ንገሩ፦ ሞዴልና ትውልድ፣ ቁልፉ መለቀቁ፣ ቻርጀር መኖሩ። ከስምንተኛ ትውልድ በታች የሆነውን ከመቀበላችሁ በፊት ማጓጓዣውንና ጥገናውን አስቡ፤ ለእሱ በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ የተባለውን ነፃ ሲስተም መጫን ግድ ሊሆን ነው።

ርክክብ ላይ ሁሉም ካርቶን ይፈታ። ሦስት ናሙና አይቶ መፈረም ይቅር። ለአንድ ማሽን አሥር ደቂቃ ብንሰጥ 30 ማሽን አምስት ሰዓት ነው፤ ሁለት ሰው ካለ ግማሽ ቀን። ፕሮሰሰሩን ከካርቶኑ ሳይሆን ከዊንዶውሱ የሲስተም መረጃ ላይ አንብቡ። የኤስኤስዲውን የሥራ ሰዓት የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም አለ፤ «ብራንድ ኒው» የተባለው 9,000 ሰዓት ሠርቶ ከተገኘ ነገሩ ሌላ ነው። ለላፕቶፕ ዊንዶውስ ራሱ የሚያወጣውን የባትሪ ሪፖርት አውጡ፣ ባትሪው ሲመረት የነበረውን አቅምና አሁን የሚይዘውን አወዳድሩ። ሴሪያል ቁጥሩን በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ዋስትናው የጀመረበትን ቀንና የሚሠራበትን አገር እዩ፤ በሌላ አገር ገበያ የተሸጠ ዕቃ እዚህ ላይሸፈን ይችላል። መጨረሻ ላይ ሠላሳውንም አንድ ላይ አብርታችሁ ሁለት ሰዓት አቆዩ፤ ያን ጊዜ መብራቱም ይፈተናል። ሴሪያል ቁጥሮቹ በሙሉ ተመዝግበው ነው ሞዴል 19 (የዕቃ መረከቢያ ደረሰኙ) የሚቆረጠው። ሞዴል 19 ከተቆረጠ በኋላ አቅራቢው ክፍያ ቢጠይቅ መብቱ ነው።

በዚያው ዕለት የይለፍ ቃሎቹን ተረከቡ፦ የዊንዶውስ አስተዳዳሪ፣ የባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም)፣ የራውተር፣ የሰርቨር። ታሽገው በርዕሰ መምህሩ ካዝና ይቀመጡ። አቅራቢው ብቻ የሚያውቀው የባዮስ ይለፍ ቃል ያለበት ላብ ውሉ ሲያልቅ ለሌላ ጠጋኝ አይከፈትም። ሁሉም ፕሮግራም የተጫነበት የአንድ ማሽን ሙሉ ቅጂም በውጭ ዲስክ ይሰጣችሁ፤ በፍላሽ የመጣ ቫይረስ ማሽን ሲያበላሽ ከዚያ መመለስ ግማሽ ሰዓት ነው።

ከቢሮ ኮምፒውተር የሚወጣ ዲስክ ላይ ደግሞ ጥንቃቄ። የተማሪ ውጤትና የቤተሰብ ስልክ ያለበት ዲስክ ለጥገና ሱቅ ሲሄድ መረጃው አብሮ ይሄዳል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የሕግ ጉዳይም ነው። ውሉ ላይ የተበላሸ ዲስክ በትምህርት ቤቱ እንዲቀር፣ ምትኩ በዋስትናው እንዲሰጥ አስገቡ። አቅራቢው አሮጌውን ካልመለሳችሁ አልተካም ካለ፣ የዚያን ዲስክ ዋጋ ከፍላችሁ አስቀሩት።

ጥያቄ ካላችሁ የውል ረቂቅ ይዛችሁ የመጣችሁት ቅድሚያ ይሰጣችሁ፤ አንቀጽ በአንቀጽ እናየዋለን።